የመስከረም የንብና የተርብ ፎቶ ዕቅዳችን፦ የጋራ ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለድጋፍ የምናቀርበው ዕቅድ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸው። ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «አባላት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያገኙትን ንብና ተርብ በስልክ ፎቶ እያነሱ አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ ምልከታ አፕ ላይ ይጭናሉ፤ በሁለት ወር 5,000 ፎቶ ይሰበሰባል።» ቦታዎቹ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልና እንጦጦ ናቸው። አደይ አበባ ሳይረግፍ መጀመር አለብን። በጀቱ ቲሸርት፣ ትራንስፖርትና የኢንተርኔት ጥቅል ነው። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ወርውሩ።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ሐሳቡ ግሩም ነው። እኔን ያልገባኝ 5,000ው ነው። ማን ነው ይሄን ሁሉ የሚለየው? አንድ ምልከታ «ለጥናት ብቁ» የሚባለው ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ኖሮት፣ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ስሙን ሲስማሙበት ነው። አስተያየት የሰጡት ከበዙ ደግሞ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆኑት በአንድ ስም መገናኘት አለባቸው። ጂቢፍ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው። የአፍሪካን ንብ በፎቶ የሚለዩ ሰዎች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። 5,000 ፎቶ ብንደፋባቸው አብዛኛው «ንብ» ተብሎ ተከምሮ ይቀራል።

ፎቶ አንሺዋ፦ አፑ ራሱ ይለይ የለ እንዴ? ፎቶውን ስትሰጠው ወዲያው ስም ይደረድርልሃል።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ይደረድራል እንጂ! ጣጣው እሱ ነው እህቴ። የአፑ ግምት የሚሠለጥነው ሰዎች በለዩአቸው ፎቶዎች ነው። አንድ ዝርያ ሥልጠናው ውስጥ ለመግባት መቶ ገደማ ፎቶ ያስፈልገዋል። ከአገራችን ንቦች ብዙዎቹ እዚያ አልደረሱም። አፑ የማያውቃት ንብ ስትመጣበት የሚያውቃትን ዘመዷን ይጠራል፤ ዘመዷ ደግሞ አውሮፓ ትሆናለች። አንዱ ከላይ የመጣውን ስም ይጫናል፣ ጓደኛው «እስማማለሁ» ይላል፣ አለቀ። ስህተቱ ማኅተም ተመታበት ማለት ነው። ቀጥሎ አፑ ሲሠለጥን ያንኑ ስህተት ይማራል።

የሲያትሏ አባል፦ እኔም ልጨምር። እዚህ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ከካናዳ ድንበር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ከእስያ የመጣው ግዙፍ ተርብ ተገኘ። የማር ንብ ቀፎ የሚጨርሰው ነው። የግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት «ያያችሁትን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ» አለ። ታኅሣሥ 2024 ላይ ተርቡ ከአሜሪካ መጥፋቱ ታወጀ። በግዛቱ ከተረጋገጡት ግኝቶች ግማሽ ያህሉ ከተራ ነዋሪ የመጡ ነበሩ። ግን ለምን ተሳካ? የሚፈለገው አንድ ተርብ ነው። ንግሥቲቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች፣ ጭንቅላቷ ብርቱካናማ ነው። ሕዝቡ ሌላ ሌላ ነፍሳት ቢልክም፣ ፎቶው ደህና እስከሆነ ድረስ ባለሙያው ዓይቶ «አይደለም» ለማለት አይቸገርም። እኛ ግን ሁሉንም ንብና ተርብ ነው ያልነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ፣ ተረታሁ። እንግዲያው እንምረጥ። በፎቶ የሚለዩት የትኞቹ ናቸው?

የባዮሎጂ መምህሩ፦ የማር ንብ ግልጽ ናት። ጣዝማም አለች። ደረቅ እንጨት እየበሳች የምትኖረዋ ትልቋ ንብ እስከ ጂነስ (ከዝርያ በላይ ያለው ምድብ)፣ ማለትም ዛይሎኮፓ ድረስ ትለያለች። ግን ብዙዎቹ ላይ ወንዱና ሴቷ በቀለም ስለማይገናኙ ሁለት ዝርያ አድርጋችሁ እንዳትጭኑ። የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዙን ክብ አድርጋ የምትቆርጠዋ ሜጋካይል ናት። ከተርብ ደግሞ ግድግዳ ላይ በጭቃ ቤት የምትሠራዋና ወገበ ቀጭኗ ቤሎኖጋስተር ይበቁናል። ትንንሾቹን ጥቁር ንቦች ተዉአቸው። ብዙዎቹ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይለዩም፤ ከጂነስ በላይ ያለው ምድብ፣ ቤተሰባቸው ላይ ይቁሙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። እስከ ዝርያ መሄድ ግድ አይደለም። የለዩት ሰዎች «ከዚህ በላይ በፎቶ አይታወቅም» ብለው ከተስማሙ፣ ከቤተሰብ በታች ያለ ስም፣ ለምሳሌ ጂነስ፣ ለጥናት ብቁ ይባላል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ከየት አቅጣጫ ላንሣ ታዲያ? አብዛኛው ሰው የሚያነሣው ከላይ ብቻ ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት። ከላይ ሲሆን የፊት ክንፏ ይታይ። ክንፉ ላይ ጅማቶቹ ትንንሽ መስኮቶች ይሠራሉ። ከክንፉ ጫፍ ወዲህ፣ ከፊተኛው ጠርዝ ሥር የተደረደሩትን ቁጠሪ፦ ሜጋካይል ሁለት፣ ዛይሎኮፓ ሦስት ናቸው። ከጎን ሲሆን ጽጌ ብናኙን የት እንደያዘች እይ። የማር ንብ ኋላ እግሯ ላይ አድቦልቡላ ትይዛለች። ሜጋካይል ግን ከሆዷ ሥር ባለው ፀጉር ነው የምትሸከመው፤ አበባ ላይ ስትሆን ሆዷ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ከፊት ደግሞ አንቴናዋ። አንቴናው አጭር፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ክንፉ ሁለት ብቻ ከሆነ ዝንብ ነው፤ ቢጫና ጥቁር ሸርጥ አያታልልሽ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ለዚህማ ስልክ ላይ የሚሰካ፣ ትንሹን ነገር ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሣ ማክሮ ሌንስ ያስፈልጋል። ቲሸርቱን ሰርዙና ሌንስ ግዙ።

ንብ አናቢው ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። የደጋና የቆላ ንባችንን በፎቶ ለዩልኝ። ቀለማቸውም ጠባያቸውም አንድ አይደለም።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ጋሼ፣ እሱ በፎቶ አይሆንም። ተመራማሪዎቹ እንኳ ክንፍና እግር ለክተው አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት የአገራችንን የማር ንብ አምስት ንዑስ ዝርያ አደረገው። የ2011ዱ ደግሞ ሲመንሲስ የሚባል ራሱን የቻለ አንድ ንዑስ ዝርያ ነው አለ። የእርስዎን ቀፎ በስልክ አንሥተን ብንፈርድ ድፍረት ይሆንብናል።

ንብ አናቢው ጋሼ፦ ይሁን፣ ተቀበልኩ። ግን ጣዝማን በተመለከተ ተጠንቀቁ። ጣዝማ ቤቷ መሬት ውስጥ ነው። ማሯ ለሳል መድኃኒት ነው ስለሚባል የሚፈልገው ብዙ ነው። ጉድጓዷን ፎቶ አንሥታችሁ ቦታውን በካርታ ላይ ካሰፈራችሁ፣ በማግስቱ ዶማ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ከተቆፈረች ደግሞ ቤቷ ፈረሰ ማለት ነው። ይሄ ዕቅዱ ውስጥ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፤ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ቦታን የመሸፈን ምርጫ አለ። ከሸፈንነው ለሕዝብ የሚታየው ነጥብ ጎንና ጎኑ 20 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ክልል ውስጥ በዘፈቀደ ይወድቃል። ለጣዝማ ጎጆ ይሄ ግዴታ ይሁን። የመግቢያ ቀዳዳዋን ከዛፉና ከአጥሩ ጋር የሚያሳይ ፎቶም አይጫን፤ ሰው ካርታ ባያይ በዛፉ ይደርስበታል።

የሲያትሏ አባል፦ ሁለት ትንንሽ ነገር። አንደኛ፣ የምልከታውና የፎቶው የመጠቀሚያ ፈቃድ ክፍት ካልተደረገ ጂቢፍ አይወስደውም፤ ሁላችሁም ቅንብሩን እዩ። ሁለተኛ፣ ቀኑን ስልኩ ይሙላው። በእጅ የሚሞላ ሰው መስከረም 5ን «ሴፕቴምበር 5» ብሎ ያስገባና አሥር ቀን ወደኋላ ይሄዳል። ለአበባ ወቅት አሥር ቀን ብዙ ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ፦ ናሙና መሰብሰብ የሚል ሐሳብ በውስጥ መስመር ደርሶኝ ነበር። ፈቃድ ይፈልጋል፤ በዚህ ዙር አንገባበትም። ይልቅ አራት ኪሎ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አንድ የሥልጠና ቀን በደብዳቤ እንጠይቅ።

ጸሐፊዋ፦ እንግዲህ አንቀጹ እንዲህ ተቀይሯል፦

«አባላት በተመረጡ ስድስት የንብና የተርብ ዓይነቶች ላይ በማተኮር እያንዳንዱን ነፍሳት ቢቻል በሦስት አቅጣጫ ያነሳሉ። ውጤቱ የሚለካው በተጫነው ፎቶ ብዛት ሳይሆን ቢያንስ እስከ ጂነስ ተለይቶ ለጥናት በበቃው ነው። የሚጭን አባል ሁሉ በሳምንት አንድ ምሽት የሌሎችን ፎቶ ንብ፣ ተርብና ዝንብ ብሎ ይለያል። ማንም በራሱ ያላየውን ምልክት በአፑ ግምት ብቻ አያጸድቅም። የጣዝማ ጎጆ ቦታ ይሸፈናል።»

5,000ው ወጥቷል። ደጋፊዎቹ ቁጥር መጠየቃቸው አይቀርም፤ የመጀመሪያውን ወር ውጤት ዓይተን ብንሰጣቸው ይሻላል ባይ ነኝ። ቲሸርቱ በሌንስ ተተክቷል። ተቃውሞ ያለው?

ንብ አናቢው ጋሼ፦ የለኝም። ቀፎዬ አጠገብ የሚመጣ ግን ሽቶ አይቀባ፣ ጥቁር ልብስም አይልበስ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ተስማምቻለሁ። የሙዚየሙን ደብዳቤ ዛሬ ካተማችሁልኝ ነገ ጠዋት በዚያ በኩል ስለማልፍ አደርሰዋለሁ።