ልጅ ይዞ ካዚኖ ባለበት ሆቴል ማደር፦ ይሁን ወይስ ይቅር?

የጠባሴ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ነሐሴ መግቢያ ላይ ልጆቼን ይዤ ላስ ቬጋስ ወደምትኖረው እህቴ ልሄድ ነው። ትልቋ 8፣ ትንሹ 3 ዓመታቸው ነው። የእህቴ ቤት ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ አራት ሌሊቶች ካዚኖ ያለበት ሆቴል ልያዝላችሁ ብላኛለች። መዋኛ አለው፣ የልጆች መጫወቻ አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው ትላለች። ባለቤቴ ግን «ልጅ ይዞ ቁማር ቤት አይታደርም» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። እሱ አብሮን አይሄድም።

ልጅ ካዚኖ ውስጥ እንዲገባ ሕጉ ይፈቅዳል? ጭስ አለ ይባላል፣ እውነት ነው? ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ምንድን ነው? ይቅር ካላችሁስ ሌላ ምን አማራጭ አለ? እባካችሁ የምታውቁትን በዝርዝር ጻፉልኝ።

መንዜ ከቬጋስ

እህቴ፣ ካዚኖ ውስጥ ዲለር (ጨዋታውን የሚመራ ሠራተኛ) ስለሆንኩ ከሕጉ ልጀምር። ላስ ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መጫወት ቀርቶ መጫወቻው አካባቢ መቆምም አይፈቀድለትም። ማለፍ ግን ይችላል። ችግሩ ሕንፃዎቹ የተሠሩበት መንገድ ነው። በአብዛኞቹ ትልልቅ ሆቴሎች ከመመዝገቢያው እስከ ሊፍቱ፣ ከሊፍቱ እስከ ምግብ ቤቱ ያለው መተላለፊያ በቁማር ማሽኖቹ መሃል ነው የሚያልፈው። ለቁርስ፣ ለመዋኛ፣ ለታክሲ በወጣችሁ ቁጥር በዚያው ትመላለሳላችሁ። ልጁ አንዱ ማሽን ፊት ቆሞ መብራቱን ማየት ከጀመረ ጥበቃ መጥቶ በትሕትና «እለፉ» ይላል። የጫማ ክር ለማሰር እንኳ ከሆነ ማሽኖቹ ከተደረደሩበት ምንጣፍ ወጥታችሁ በጠንካራው ወለል፣ በዋናው መተላለፊያ ላይ ቁሙ።

ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ «አንቺ ዕድለኛ ነሽ፣ ተጫኚልኝ» ማለት ፈጽሞ የማይሞከር ነው። 21 ያልሞላው ሰው ቢያሸንፍም ገንዘቡን መውሰድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ የ19 ዓመት ወጣት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶት ዕድሜው ሲታይ ሳይከፈለው ቀርቷል።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ልንገርሽ። ሕንፃው ውስጥ ማደር ብቻውን ልጅን አይጎዳም። ልጅ የሚጎዳው ትልቁ ሰው ሲጫወት ጠባቂ ሲያጣ ነው። አንቺም እህትሽም የማትጫወቱ ከሆነ ማረፊያ ነው፣ ታርፉበታላችሁ። ከሁለት አንዳችሁ «ለግማሽ ሰዓት ብቻ» ብላችሁ የምትወርዱ ከሆነ ግን አትያዙት። መጫወቻው ቦታ በአብዛኛው ሰዓትም መስኮትም የለው፣ ሰው ምን ያህል እንደቆየ አይታወቀውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 1997 ከላስ ቬጋስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ፕሪም አባቷ ሌሊት ሲጫወት ያለ ጠባቂ የቀረች የ7 ዓመት ልጅ ካዚኖው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተገድላለች። ታላቅ ወንድሟ እንዲጠብቃት ተብሎ ነበር፤ እሱም ልጅ ነበር። ስለዚህ «ትልቋ ትንሹን ትጠብቀዋለች» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። ልጅን ክፍል ውስጥ አስተኝቶ መውረድም ሆነ መኪና ውስጥ ትቶ መግባት ፖሊስ የሚያስጠራ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ እህትሽ የነገረችሽ ቁጥር የክፍሉ ብቻ እንዳይሆን። ከክፍሉ ዋጋ ሌላ ሪዞርት ፊ የሚሉት የሆቴሉ ክፍያ አለ፤ በብዙዎቹ ሆቴሎች በአንድ ሌሊት 40 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ 13 ከመቶ ገደማ ግብር ይጨመራል። ከሜይ 2025 ወዲህ ሆቴሎች ከግብር በስተቀር ሙሉውን ዋጋ ገና ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ስለተገደዱ ጠቅላላው የሚለውን አስነብቢያት። ዓርብና ቅዳሜ ዋጋው ይሰቀላል፤ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያዙ። ሌላው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለችው የሚሸጥ ነገር የተቀመጠባት ትንሽ ማቀዝቀዣ ከልጆች ጋር አደገኛ ናት። ብዙዎቹ ዕቃው ከቦታው ሲነሳ የሚቆጥር መሣሪያ አላቸው፤ ልጅ ቸኮላቱን አንስቶ ቢመልሰውም ሒሳብ ላይ ይገባል። ስትመዘገቡ «ቆልፉልኝ» በሉ።

የሕፃናት ነርስ፣ ደብረ ብርሃን

ጭሱ እውነት ነው። በኔቫዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በብዙ ዝግ ቦታ ሲጋራ ማጨስ ሲከለከል የካዚኖ መጫወቻ ወለል ከክልከላው ውጭ ሆኗል። እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስ ስለተከለከለ ልጆቻችን እንዲህ ያለ ነገር አልለመዱም። አንድ ነገር ልብ በይ። የሚጫወተው ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክንዱን ወደ ጎን ሲያወርድ በጣቶቹ መሃል ያለው ሲጋራ የሚውለው የ3 ዓመት ልጅ ፊት ባለበት ከፍታ ላይ ነው። ጋሪ ውስጥ ላለ ልጅም እንዲሁ ነው። ቃጠሎም ሊሆን ይችላል። በማሽኖቹ መሃል ስታልፉ ትንሹን በእጅ ከመምራት ማቀፍ ይሻላል።

የአየር ማውጫው ሽታውን ይቀንሳል እንጂ ጭሱን ጨርሶ አያጠፋውም። አደጋ የሌለው የጭስ መጠን የለም፤ የአሜሪካ ጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሪፖርትም ይህንኑ በግልጽ ይላል። ከልጆችሽ አንዱ አስም ካለው ወይም ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ የሚያፏጭ ከሆነ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ማጨስ የሚፈቀድበት ካዚኖ ያለበት ሆቴል አትያዢ። የሚነፋውን መድኃኒት ከነስፔሰሩ (መድኃኒቱ ላይ ተገጥሞ ልጁ የሚተነፍስበት ቱቦ) በእጅ ሻንጣ ያዢ፤ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን።

ከጭሱ በላይ የሚያሳስበኝ እንቅልፉ ነው። በነሐሴ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት 10 ሰዓት ነው። ላስ ቬጋስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ነግቶ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ልጆቹ እኩለ ሌሊት ላይ ዓይናቸው ይፈጣል፣ ይርባቸዋል። እናት የሚሰለቻት ያኔ ነው፤ «ትንሽ ላዟዙራቸው» ብላ ትወርዳለች፣ ታች ያለው ክፍት ነገር ደግሞ ካዚኖው ነው። በዚያ ሰዓት ያለው ሰው ቀን ካለው የበለጠ ጠጥቷል። አትውረዱ። ውሃ፣ ቆሎና ዳቦ ክፍል ውስጥ ይኑር፤ መብራቱን ደብዘዝ አድርጊ፣ ቴሌቪዥን አይከፈት። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣ አስነሥተሽ ሙቀቱ ሳይበረታ አንድ ሰዓት ያህል ውጭ አውያቸው፤ ሰውነታቸው ቶሎ የሚለምደው በብርሃን ነው። (ቆሎና ሽሮ ስትገቡ አስመዝግቢ፤ ቋንጣ ግን ሥጋ ስለሆነ አያስገቡም።)

ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው። ከ2,800 ሜትር ከፍታና ከክረምት ብርድ ተነሥታችሁ ከ40 ዲግሪ በላይ ወደሚያልፍ በረሃ ነው የምትገቡት። አስፋልቱ ባዶ እግርን ያቃጥላል፤ መዋኛው ድረስ በጫማ ይሂዱ። መዋኛው ጋ አዳኝ ይኖራል ብለሽ አትተማመኚ፣ በብዙዎቹ የለም። የሚነፋ የክንድ ፊኛ ከመስጠም አያድንም፤ በልኩ የተሠራ የዋና ጃኬት ግዢለት፣ ከእጅሽ ርቀትም አይውጣ። ስልክ እያዩ ልጅ ማስዋኘት የለም። አንዳንዱ መዋኛ ለአዋቂ ብቻ ስለሆነ ያንንም ቀድመሽ ጠይቂ።

መምህር ከሸዋ ሮቢት

እኔ ከመንዜው ጋር በከፊል አልስማማም። «ካልተጫወታችሁ ማረፊያ ነው» ማለት ልጅቷ 8 ዓመቷ መሆኑን ይረሳል። የ3 ዓመቱ መብራት ያያል፤ የ8 ዓመቷ ግን ሰው ብር አስገብቶ ሲጮህና ሲደሰት ታያለች፣ ታስታውሳለችም። እነዚህ ማሽኖች እንዴት እንደሚሠሩ ወላጅ ማወቅ አለበት። ውጤቱን የሚወስነው በአጋጣሚ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ነው፤ የሚሽከረከረው ሥዕል ለዓይን ብቻ ነው። ያለፈው ጨዋታ የሚመጣውን አይነካውም። ሰው 1 ዶላር አስይዞ 30 ሳንቲም ሲመለስለት ማሽኑ እንዳሸነፈ ሰው ያስጨፍርለታል፤ በእውነቱ 70 ሳንቲም ከስሯል። ልጅ የሚሰማው ጭፈራውን ነው፣ ኪሳራው አይታየውም።

«የልጆች መጫወቻ አለው» የተባለውም አላስደሰተኝም። ዕቃ በብረት ጥፍር የሚያነሳው ማሽን ባለቤቱ ጥፍሩ መቼ ጠበቅ አድርጎ እንደሚይዝ ማስተካከል የሚችልበት ነው። ልጁ «ለጥቂት አመለጠኝ» ብሎ ሌላ ሳንቲም የሚለምነው የለቀቀው ጥፍሩ መሆኑን ስለማያውቅ ነው። ኳስ ወርውሮ ትኬት የሚሰበሰብበት፣ ትኬቱም በአሻንጉሊት የሚለወጥበት ጨዋታ ከዚያ ይሻላል፣ ቢያንስ ችሎታ ይጠይቃል። እሱም ቢሆን የሚከፈለውን ብር አስቀድመሽ ወስነሽ በእጇ ስጫት፤ ሲያልቅ ያልቃል።

እዚሁ ያለውንም ልናገር። ላስ ቬጋስ ሄዶ ማደር ያስጨነቀው አባት ቅዳሜ ኳስ ለማየት ልጁን ይዞ ቤቲንግ ቤት ሲገባ እናያለን። እዚያም የዕድሜ ገደቡ 21 ነው፣ በር ላይ ተለጥፏል። ልጁን «ማን ያሸንፋል? አንተ በልልኝ» ይሉታል። አሥር ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ፣ የእያንዳንዱ ኦድ (ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር) 1.5 ቢሆን 10 ብሩ ወደ 577 ብር ይመጣል፤ ልጅ የሚሰማው ይህን ነው። ኦዱ ፍጹም ትክክለኛ ነው ብንል እንኳ አሥሩም የመያዛቸው ዕድል ከመቶ 2 አይሞላም። ቤቱ የራሱን ድርሻ ስለሚቀንስ እውነተኛው ከዚያም ያነሰ ነው። «በአንድ ጨዋታ ተቃጠለ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንድ መቃጠሉ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ደግሞ እዚህ ነው፣ በቤታችን።

ልጅቷን ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ አስተምሪያት። ከረጢት ውስጥ 18 ባቄላ፣ 18 አተር፣ 2 ሽምብራ ጨምሪ። ሩሌት የሚሉት ኳስ የሚጣልበት የቁማር መንኮራኩር፣ 38 ቀዳዳ ያለው የአሜሪካው፣ እንዲህ ነው፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 2 አረንጓዴ። ለልጅቷ 20 ቆርኪ ስጫት፤ ሁልጊዜ ባቄላ ላይ አንድ ቆርኪ ታስይዝ። ሳታይ ታውጣ፣ ባቄላ ከሆነ አንድ ትቀበላለች፣ ካልሆነ አንድ ትከፍላለች፣ ያወጣችውን ትመልስና ታማስላለች። በ38 ማውጣት በአማካይ 2 ቆርኪ ትከስራለች። በአንድ ምሽት ልታተርፍም ስለምትችል ደብተር ላይ እየመዘገበች ለብዙ ምሽት ትቀጥል። «ሁለቱን ሽምብራ ማን አስገባቸው?» ብላ ስትጠይቅ ገብቷታል ማለት ነው።

የጠባሴ እናት

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ባቄላውን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። የባለቤቴ ሐሳብ ከጭሱና ከእንቅልፉ አንጻር ትክክል መሆኑን አየሁ። ወንድሜ መንዜ፣ ካዚኖ የሌለው ሆቴል እዚያ ከተማ ይገኛል? ሌላ ደግሞ፣ የልጆቼ ፓስፖርት ላይ ያለው የአባታቸውና የአያታቸው ስም ነው፤ ከኔ ስም ጋር አይገጥምም። እዚያ ችግር ይሆናል?

መንዜ ከቬጋስ

መምህሩ ስለ ትልቋ ያሉት ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። ካዚኖ የሌላቸው፣ ሲጋራም የማይጨስባቸው ሆቴሎች በዋናው ጎዳና አቅራቢያ አሉ። ቭዳራና ዘ ሲግኔቸር ለምሳሌ እንዲህ ናቸው። ሲግኔቸር ብዙዎቹ ክፍሎቹ ትንሽ ማብሰያ አላቸው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ስለሚገባ ለአንቺ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሽሮሽን ክፍልሽ ውስጥ ትሠሪያለሽ፣ እንጀራው ከሐበሻ ሱቅ ይመጣል። ካዚኖ ያለበት ግድ ከሆነ ፓርክ ኤምጂኤም ከ2020 ጀምሮ ማጨስ የከለከለ ነው። ሰርካ የሚባለው ደግሞ ከ21 በታች ጨርሶ አያስገባም፤ እህትሽ በስህተት እንዳትይዘው።

ከቁማር ማሽን ሙሉ በሙሉ ማምለጥ እንደማይቻል ግን ቀድመሽ እወቂ። ሃሪ ሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርዱ ማሽኖቹ እዚያው ተደርድረዋል፣ አንዳንድ ሱፐርማርኬትና ነዳጅ ማደያም ውስጥ አሉ። በዋናው ጎዳና በምሽት የሴት ሥዕል ያለበት ካርድ የሚያድሉ ሰዎች አሉ፤ የካርቱን ልብስ ለብሰው ከልጅ ጋር ፎቶ የሚነሡትም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ጎዳናውን ጠዋት አሳዪያቸው። የቤላጂዮ የአበባ አዳራሽና የፍላሚንጎ ወፎች በነፃ የሚታዩ ናቸው፣ ጠዋት ሰው አይበዛም። ሙቀቱ ሲያማርራችሁ ማውንት ቻርልስተን ውጡ፤ ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ነው፣ ተራራ ስለሆነ ይበርዳል።

ሰነድ አስፈጻሚ፣ ደብረ ብርሃን

የስሙን ጉዳይ እኔ ልመልስ። አሜሪካኖች ልጅና እናት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው ስለሚጠብቁ ድንበር ላይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የሁለቱንም ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ዋናውን ያዢ፤ የእናት ስም የሚለው ፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ አንድ መሆኑን ዛሬ አመሳክሪ። ስህተት የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፣ ለማስተካከልም ጊዜ ይወስዳል። ባለቤትሽ ልጆቹ ካንቺ ጋር እንዲጓዙ መስማማቱን፣ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ቀን፣ የሚያርፉበትን አድራሻ ጠቅሶ በሕጋዊ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይፈርም፤ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሚው። የሁሉንም ቅጂ በስልክሽም አስቀምጪ።

ለየዕለቱ ደግሞ ጠዋት ከክፍል ስትወጡ የልጆቹን ሙሉ ቁመት ከነልብሳቸው ፎቶ አንሺ። ከ5,000 በላይ ክፍል ያለው ሆቴል ውስጥ ልጅ ሲጠፋ ጥበቃው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ለብሷል?» ነው። በትንሹ እጅ አንጓ ላይ የእህትሽን ስልክ ቁጥር በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፊ፤ ያንቺ የኢትዮጵያ ቁጥር እዚያ ላይሠራ ይችላል።