ሳላገባ የወሊድ መከላከያ እንዴት ላግኝ?

እህቶቼ፣ በተለይ በጤና ሙያ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። አላገባሁም፤ ጓደኛ ግን አለኝ። ልጅ ለጊዜው አንፈልግም።

የሦስት ወሩን መርፌ ስጠይቅ ነርሷ ካርዴን አገላብጣ አየችና "ባለቤትሽ ያውቃል?" አለችኝ። አላገባሁም ስላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ሳትወልጂ ከጀመርሽ መሃን ትሆኛለሽ" አለች። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያነበብኩት ግን ሌላ ነው። መርፌው ሲቆም እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል እንጂ መሃን አያደርግም። በክንድ የሚቀበረው ደግሞ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሠራል፤ ሲወጣ የመውለድ አቅም ቶሎ ይመለሳል። ያልወለደችም ትጠቀመዋለች። ኪኒን እንዳልጀምር ማይግሬን የሚባለው ከባድ ራስ ምታት አለብኝ፤ ሊነሳብኝ ሲል ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። እንደኔ ላለች ሴት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት ኪኒን ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ አይመከርም። እስካሁን በኮንዶም ነው። እሱ ሲቀደድ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰደውን እንክብል ፍለጋ መሮጥ ነው። ያ ደግሞ ለድንገተኛ እንጂ ለዘወትር አይሆንም።

የወጣቶች አገልግሎት ክፍል ስለ ትዳር አይጠይቅም የሚባለው እውነት ነው? በክንድ የሚቀበረውን የሞከራችሁ፣ የወር አበባው መዛባት እንዴት ነው? የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ ክንዴ ላይ ይታወቅብኝ ይሆን? ደግሞስ "ባለቤትሽስ?" ብለው ድጋሚ ቢጠይቁኝ ምን ልበል? ቀለበት አድርጌ ልሂድ እንዴ ብዬም አስቤያለሁ፣ አትሳቁብኝ።