ማሪዮን የማን ልጅ ነው?

የሳምንቱ ጥያቄ፦ በአብርሃም ቨርጊዝ «ካቲንግ ፎር ስቶን» (2009 እ.ኤ.አ.) ልቦለድ ማሪዮን አዲስ አበባ ውስጥ ከህንዳዊት መነኩሴ ይወለዳል። ህንዳውያን ሐኪሞች ያሳድጉታል። ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ህንዳዊ?

የሕግ ተማሪው፦ ኢትዮጵያዊ አይደለም ባይ ነኝ። በ1930 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ያይ የነበረው ወላጅን እንጂ የተወለዱበትን አገር አልነበረም። የልጁ አባት እንግሊዛዊ፣ እናቱ የህንዷ ኬረላ ሰው ናት። አገር መውደድ ሌላ፣ ዜጋ መሆን ሌላ።

የመርካቶዋ፦ ወንድሜ፣ ሕጉን ተወውና ልጁ የተወለደበትን ሆስፒታል ስም እየው። «ሚሽን» ነበር፤ በአገሬው አፍ «ሚሲንግ» ሆነና በዚያው ጸና። ቃሉ በእንግሊዝኛ «የጎደለ» ማለት ነው። እናቱ ስትወልደው ሞተች፣ አባቱ ጥሎት ጠፋ። ቤቴ የሚለው ግን ያንን እኛ ስም ያወጣንለትን ግቢ ነው።

የጁምፓ ላሂሪን ልቦለድ «ዘ ኔምሴክ» አስታውሱ። አሺማ እርጉዝ ናት። አሜሪካ፣ ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ የታሸገ የሩዝ ቁርስ ከኦቾሎኒና ከሽንኩርት ጋር ትቀላቅላለች። ጨው፣ ሎሚ፣ ቃሪያ ጣል ታደርግበታለች። የካልካታን የመንገድ ዳር መክሰስ ለማምጣት ነው። ቀምሳው አሁንም የሆነ ነገር ይጎድለዋል። አሺማ የናፈቃት አገር አላት። ማሪዮን ግን ልጅነቱን ያሳለፈባት ህንድ የለችውም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ የቨርጊዝ ወላጆችም አስተማሪዎች ነበሩ፤ ከኬረላ የመጡ። እሱ እዚሁ ተወልዶ ሕክምና ሲማር አብዮቱ አቋረጠው፤ የጨረሰው ህንድ፣ ማድራስ ነው። እኔንም ሂሳብ ያስተማረኝ ህንዳዊ ነው። አነጋገሩን እየቀዳን እንስቅበት ነበር። አገርህ ናፈቀህ ወይ ብሎ የጠየቀው አንድም ተማሪ አልነበረም። ዛሬም ይቆጨኛል።

የሕግ ተማሪው፦ ጋሼ፣ የተናገሩት ልብ ይነካል። ግን በልቦለዱ አልማዝና ሮዚና ማሪዮን ባደገበት ቤት አገልጋዮች ናቸው፣ ገብሩም ዘበኛ። የአገሩ ሰው ያገለግላል፣ ታሪኩን የሚነግረን ማሪዮን ነው። ይህ እንዴት የእኛ መጽሐፍ ይሆናል?

የመርካቶዋ፦ እውነትህን ነው፣ እኔንም ሳነበው ከንክኖኛል። አልማዝ ራሷ ብትተርክልን ሌላ መጽሐፍ ይወጣው ነበር፤ እሱንም አንድ ቀን ማንበብ እፈልጋለሁ። ሆኖም ማሪዮንን ያቀፉት፣ ያባበሉት፣ የተቆጡት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ እጅ የወጣን ልጅ ባዕድ ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። አድጎ ኒውዮርክ ከኖረ በኋላም የተመለሰው ወደ ሚሲንግ ነው።