ለተንቀሳቃሽ የመድረክ ዲኮር ምን ዓይነት ጎማ ይሻላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጎኑ ረጅም ግድግዳ የቆመበት ተንቀሳቃሽ መድረክ እየሠራን ነው። ባዶውን 180 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሦስት ተዋንያን እንደቆሙበት፣ መብራት በጠፋበት ቅጽበት ወደ ፊት ወጥቶ፣ ትዕይንቱ ሲያበቃ በመጣበት መመለስ ይኖርበታል። እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ግራም የሚችሉ፣ በየአቅጣጫው የሚዞሩ አራት ጎማዎች በእጃችን አሉ፤ ይበቁ ይሆን? ወለሉ ቀለም የተቀባ ጣውላ ስለሆነ የድምፁም ነገር ያሳስበናል።

መልስ 1፦
አይበቁም። ለእያንዳንዱ ተዋናይ 70 ኪሎ ግራም ብንይዝ ጠቅላላው ክብደት 390 ይደርሳል፤ ይህም የሚካፈለው ለአራት ሳይሆን ለሦስት ነው፤ ወለል ሁልጊዜ ትንሽም ቢሆን ወጣ ገባ ስለሚል፣ አንደኛው ጎማ ሸክሙን ለቀሪዎቹ ጥሎ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለና። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጎማ የመሸከም አቅም ከ130 ኪሎ ግራም በታች መሆን የለበትም፤ ተዋንያኑ ወደ አንድ ጥግ ሊሰበሰቡ ስለሚችሉ እኔ ከ150 አልወርድም።

ድምፅን በተመለከተ፣ ናይለን በቀላሉ ቢንከባለልም ጣውላ ላይ ይጮኻል፣ ቀለሙንም ይፍቃል። ለስላሳ ላስቲክ ጸጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከባድ ጭነት ይዞ ብዙ ቀን ሲቆም ከሥሩ ጠፍጠፍ ስለሚል በማግስቱ ለማስነሳት ጉልበት ይጠይቃል። ምርጫዬ ፖሊዩሬቴን (ከለስላሳ ላስቲክ የጠነከረ፣ ከናይለን የለሰለሰ ፕላስቲክ) የለበሰ፣ ጥሩ ኩሽኔታ ያለው፣ ዲያሜትሩ 100 ወይም 125 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ከዚህ ያነሰ ጎማ በጣውላ መጋጠሚያና በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ይሰናከላል።

መልስ 2፦
በክብደቱ ስሌት እስማማለሁ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጎማዎቹ ዟሪ መሆናቸው ነው። ዟሪ ጎማ ሁልጊዜ ከሚዞርበት ቋሚ ምሰሶ ኋላ እየተጎተተ ይሄዳል። ወደ ፊት የወጣውን መድረክ ወደ ኋላ መግፋት ስትጀምሩ አራቱም ጎማዎች ግማሽ ዙር መገልበጥ አለባቸው፤ በዚያች ቅጽበት መድረኩ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ተዋንያኑም ይንገዳገዳሉ። ጉዞው ቀጥታ ብቻ ከሆነ የማይዞሩ ጎማዎችን፣ እርስ በርሳቸው ፍጹም ትይዩ አድርጋችሁ ግጠሙ። በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፉ እየተፋጩ ይይዛሉ።

ጠያቂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሆኖም አዘጋጁ መድረኩ ከወጣ በኋላ ሩብ ዙር እንዲዞር ይፈልጋል።

መልስ 2፦
እንግዲያውስ በአንዱ ጫፍ ሁለት የማይዞሩ፣ በሌላው ሁለት ዟሪ ጎማዎች አድርጉ፤ መድረኩ በማይዞሩት በኩል ተተክሎ ይዞራል። ባለበት ቦታ በመሃሉ ላይ እንዲሽከረከር ከተፈለገ ግን፣ ሦስት ትናንሽ ጎማዎች በአንድ ዟሪ ሰሌዳ ላይ የተገጠሙበት ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም አቅጣጫ ሲቀየር መድረኩን ወደ ጎን አይገፋውም። ዟሪ ጎማ በምትገጥሙበት ቦታ ሁሉ፣ ሙሉ ዙር ሲዞር የመድረኩን ወራጅ እንዳይነካ በእጃችሁ አዙራችሁ ፈትሹ።

መልስ 1፦
ግድግዳው ረጅም ስለሆነ ጎማዎቹን በተቻለ መጠን ወደ ዳር አውጧቸው፤ የሚገፋውም ሰው ከታች፣ ከመድረኩ ጠርዝ ይግፋ እንጂ ግድግዳውን አይንካ። የጎማዎቹን ሰሌዳ በእንጨት ቪቴ ብቻ አትግጠሙ፤ ጣውላውን አልፎ በሚወጣ ቡሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይጥበቅ። ፍሬን ያለው ጎማም ቢሆን መሽከርከሩን እንጂ ዟሪው ክፍል መወዛወዙን ብዙ ጊዜ አይከለክልም፤ ስለዚህ መድረኩ ቦታውን እንደያዘ በአራቱም ጥግ ሽብልቅ አስገቡበትና ክብደቱን ከጎማዎቹ ላይ አንሡ።