የፓርኪንሰን ታማሚ መርሳት ሲጀምር፦ በሽታው ነው ወይስ መድኃኒቱ?

ጠያቂ (አዘዞ)፦
አባታችን 71 ዓመታቸው ነው፤ ፓርኪንሰን ከተባሉ 6 ዓመት። ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓን በቀን 3 ጊዜ፣ ለመንቀጥቀጡ ደግሞ አርቴን 5 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ ይወስዳሉ። አሁን ስም ይጠፋባቸዋል፣ ሲጠየቁ መልሱ ይዘገያል፣ ማታ ማታ የሌለ ልጅ ይታያቸዋል። እርጅና ነው ብለን እንተወው?

ፋርማሲስት (ፒያሳ)፦
አትተዉት። መጀመሪያ አርቴኑን ተመልከቱ። መንቀጥቀጥ ቢቀንስም አንጎል ለማስታወስ የሚፈልገውን ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊንን፣ ያግዳል፤ ፓርኪንሰኑ ደግሞ እሱኑ ቀድሞ አመናምኖታል። በዚህ ዕድሜ የሌለ ነገር ማየትን፣ የሆድ ድርቀትንና የሽንት መቋረጥን ያመጣል። ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ያው ነው። ግን በድንገት አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ጥቂት በጥቂት ይቀንሰዋል። ሌቮዶፓውንማ በራሳችሁ እንዳትነኩ! ድንገት ከቆመ ሰውነት ይገትራል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ለሕይወት ያሰጋል።

ነርስ (ማራኪ)፦
የመርሳቱን ዓይነት ለዩ። በፓርኪንሰን ብዙ ጊዜ ነገሩ አይጠፋም፤ ከተቀመጠበት ማውጣቱ ነው የሚያስቸግረው። 3 ቃላት ንገሯቸውና ከ5 ደቂቃ በኋላ ጠይቁ። ካቃታቸው «የእህል ስም ነው» በሏቸው፤ «ጤፍ» ካሉ ቃሉ ውስጣቸው አለ። ፍንጭም ካልረዳ ለሐኪሙ ንገሩ። ወራትን ከጳጉሜን ወደ መስከረም ማስቆጠር ትኩረትን ይፈትሻል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ግን «ሰዓት ሣል» የሚለው ፈተና ያሳስታል።
ስታነጋግሯቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁና እስከ 10 ቆጥራችሁ ጠብቁ። ሲያጣድፏቸው የያዙትም ይበተናል።

ጠቅላላ ሐኪም፦
በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ከባሰባቸው፣ ፓርኪንሰን እንዲህ አይሮጥም። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ ወድቀው ከነበረ የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ፣ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙ የውኃ እጥረት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አድርሷቸው። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ለመረበሽ ሃሎፔሪዶል፣ ለማስመለስ ፕላሲል ከተሰጣቸው ሁለቱም በፓርኪንሰን የሚያንሰውን የአንጎል ኬሚካል ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ይባባስባቸዋል።
ባይብስም ደም ግፊታቸው 5 ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ከወረደ መፍዘዙ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራም አይቅር።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለመርሳቱ ራሱ የሚሰጥ መድኃኒት የለም?

ጠቅላላ ሐኪም፦
ሪቫስቲግሚን አለ። በ1.5 ሚሊግራም በቀን 2 ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ይጀመራል፤ መጠኑ ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይሞላ አይጨመርም። ያቅለሸልሻል፣ መንቀጥቀጡንም ሊያብስ ይችላል። አርቴኑ ሳይወጣ ግን አይጀመር፤ ሪቫስቲግሚን አሴቲልኮሊንን ይጨምራል፣ አርቴን ያግደዋል፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል።