የፈንታሌ የራዳር ምስል አላላውስ ብሎኛል

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ላይ ነኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜ ቀረሁ።

በታኅሣሥ 2017 ፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ የነበረውን ታስታውሳላችሁ። ከሥር ማግማ (የቀለጠ ዓለት) እየሰረገ ነበር። ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተነሱ ሁለት የሴንቲኔል 1 ራዳር ሳተላይት ምስሎች ወስጄ በስናፕ ሶፍትዌር ኢንተርፌሮግራም (የሁለቱን ምስሎች ልዩነት በቀለም ዙሮች የሚያሳይ ምስል) ሠራሁ። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። የራዳሩ ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴ.ሜ. ነው፤ ጨረሩ ደርሶ መልስ ስለሚሄድ አንድ ሙሉ የቀለም ዙር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሴ.ሜ. ቀረበ ወይም ራቀ ማለት ነው።

ጣጣው የሚመጣው ዙሮቹን ቆጥሬ ወደ ሴንቲሜትር ስለውጥ ነው። መሬቱ ላይ የተከፈተው ስንጥቅ አጠገብ ዙሮቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ ይደበላለቃሉ። የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ደግሞ ጭራሽ አይነበብም፤ ቅጠሉ በሁለቱ ምስሎች መካከል ባለው 12 ቀን ውስጥ ይለዋወጣላ! አልተነቃነቀም ብዬ የመረጥኩት ነጥብ እንኳ አንዴ 2.8፣ አንዴ 5.6 ሴ.ሜ. ይሰጠኛል። የዙር ቆጠራ ስህተት መሆኑ ያስታውቃል። ማጣሪያውን አጠበቅኩ፣ ኮሄረንሱ (የሁለቱ ምስሎች መመሳሰል) ከ0.3 በታች የሆነውን ሸፈንኩ። ወይ ፍንክች!

የስንጥቁን ሁለት ጎኖች ለየብቻ ቆጥሬ በኋላ ላገናኛቸው? ከሆነ በምን መነሻ? ወይስ እዚያ ጋ ዙር መቁጠሩን ትቼ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የፒክሰሎቹን መንሸራተት ልለካ? ያ ዘዴ በ1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ እስከ 8 ሜትር ለተከፈተው ዓይነት ስንጥቅ ይመቻል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ግን ያመልጠዋል።

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ብቻ ነው፣ እሱን አስቡልኝ።