ሻንጣዬ እስኪዘጋ ድረስ ጅማ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ቪዛ እየጠበቅሁ ነው፤ እዚህም አልኖርኩ፣ እዚያም አልደረስኩ፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም» ብላ እዚህ ጽፋ ነበር። ያን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እህቴ፣ ባላውቅሽም ይሄን የምጽፈው ለአንቺ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩና።

ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግኩ ነኝ። ባለቤቴ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከገባ 4 ዓመት ሊሞላው ነው። የእኔ ጉዳይ ከተጀመረ 2 ዓመት አልፏል። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ትኬቴ ተቆርጧል፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ላይ «ስሄድ» ማለት ደስ ይለኝ ነበር። እየቆየ ግን ቤቱን ሁሉ ወረሰው። የበረንዳው አምፖል ተቃጠለ፤ ልሄድ ነው ብዬ አልቀየርኩትም። ጫማዬ ተቀደደ፤ እዚያ እገዛለሁ ብዬ ክረምቱን በተቀደደ ጫማ ከረምኩ። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጉዳዩን የሚከታተልልኝ ሰው «በ3 ወር ያልቃል» ሲለኝ ሶፋዬን ሸጥኩ። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እንግዳ ተቀበልኩ። ቆይቶ እንግዳም ቀረ።

በመሃል ደግሞ የአዲስ አበባ ምልልስ ነበር። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገና ሳይነጋ ተነስቼ፣ የጊቤን በረሃ ወርጄ ወጥቼ፣ አንዴ ለፖሊስ ማስረጃ፣ አንዴ ለጤና ምርመራ። የጤና ምርመራው የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው። ስለዚህ ከዚያች ቀን ጀምሮ የምቆጥረው የቀረኝን ወር ብቻ ሆነ። ዛሬ ምን ዕለት እንደሆነ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም ነበር።

የነቃሁት በቡና ነው።

ሠፈራችን ቡና የሚፈላው በተራ ነው። የጎረቤታችን የእማማ የልጅ ልጅ፣ የ8 ዓመት ልጅ ናት፣ ከሰዓት በኋላ በየበሩ እየዞረች «ኮቱ፣ ቡና ዱጊ!» ትላለች። ነይ ቡና ጠጪ ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው፤ የሚጠራው ልጅ ብቻ ነው የሚቀያየረው። አንድ ቀን መስኮት ሥር ቆሜ ኔትወርክ እየፈለግሁ ኮቴዋን ሰማሁ። የቀኙን በር አንኳኳች። የእኛን አልፋ ሄደች። የግራውን አንኳኳች።

በማግስቱ እማማን ጠየቅኳቸው። እሳቸው ምንም አልደበቁኝም። «ልጄ፣ አንቺኮ ከሄድሽ ቆየሽ» አሉኝ። «ስንጠራሽ ስልክ እየጠበቅሁ ነው ትያለሽ። ስትመጪም አቦሉን ሳትጨርሺ ትነሺያለሽ። እኛም ኋላ ሆዳችን እንዳይባባ ከወዲሁ እንልመደው ብለን ነው።»

እዚያው ደጃቸው ላይ አለቀስኩ። እሳቸውም ዝም ብለው እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና አስቀመጡኝ።

የዚያን ቀን አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም ጠጣሁ። ስልኬን ቤት ትቼው ነበር። ቡናው ሲቆላ ፍሬው መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ጠጅ መልክ ይይዛል፤ ከዚያ ይንጣጣና ዘይቱን አውጥቶ ያብረቀርቃል። እማማ ምጣዱን አንስተው በየተራ ያዞሩታል። ሁላችንም ጭሱን በእጃችን ወደ ፊታችን እንስባለን። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ! ያን ቀን ግን ዓይኔን አልነቀልኩም። የቡና አገር ልጅ ሆኜ ቡና ሲቆላ በትክክል አይቼ የማላውቅ ሰው መሰልኩ።

በነጋታው አምፖል ገዛሁ። ተራ ነገር ነው። ግን ማታ በረንዳው ሲበራ ሠፈሩ በሙሉ «እሷ አለች» አለ። አሁን ልጅቷ ከሁሉም በፊት የምታንኳኳው የእኔን በር ነው።

ከዚያ በርጩማ ገዛሁ። ከአንድ ግንድ የሚወጣውን፣ ባለ ሦስት እግሩን፣ የጅማውን። ሻጩ «ለውጭ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ልቀመጥበት ነው» አልኩት። በየማለዳው በረንዳ ላይ እሱ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። አየር መንገዱ ወደ ካናዳ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ። በርጩማው ከዚያ ውስጥ የለም፤ ለእናቴ ይቀራል። አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ለሁለት ወር ምን አስገዛሽ?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ወር እኮ ስልሳ ማለዳ ነው።

በቅርቡ አንድ እሑድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ጅሬን ወጣን፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት በትምህርት ቤት ጉብኝት ነበር። ውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ ከዚያ ሆኖ ከተማው እንዴት እንደሚታይ ታስታውሳላችሁ አይደል? በዛፉ መሃል ቆርቆሮው ሲያበራ። ወንድሜ አጠገቤ ሆኖ በጣቱ «ያ የእኛ ሠፈር ነው፣ ያ መስጊዱ፣ ያ ዩኒቨርሲቲው» ይለኝ ነበር። ፎቶ አላነሳንም። ስንመለስ በእግር ነው የወረድነው። ወቅቱ ጥቅምት ስለሆነ ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ መንገድ ዳር ከአንድ አጥር ላይ ፍሬ ቀጥፎ ሰጠኝና እንደ ልጅነታችን ቅርፊቱን መጠጥኩት። ጣፋጭ ነው። ይሄን የሚያውቅ ስንት ቡና ጠጪ አለ?

ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኩት። እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት ስደውል እሱ ጋ ቀን 7 ሰዓት ነው፤ በምሳ ሰዓቱ ነው የምናወራው። ዝም ብሎ ሰማኝና ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። እሱም እዚያ ሆኖ ያው ነበር። መጀመሪያ «ሥራ ስይዝ»፣ ከዚያ «መኪና ስገዛ»፣ ከዚያ «እሷ ስትመጣ»። ሦስት ክረምት ሙሉ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር አልሰቀለም። ታኅሣሥ ላይ እዚያ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ፤ እሱ ደግሞ ከሥራ መጥቶ በባዶ ግድግዳ ፊት ይቀመጣል። አስቡት።

እህቴ፣ አንቺን የምለምንሽ ለዚህ ነው። እኔ ይሄ ነገር ቪዛው ሲመጣ የሚድን መስሎኝ ነበር። ለካ ከእኛ ጋር አብሮ ይሳፈራል። እዚህ ዛሬን ሳይኖር ማሳለፍ የለመደ ሰው እዚያም ሳይኖር የሚያሳልፈው ቀን አያጣም። ወረቀቱን መከታተል አትተዪ፣ ኢሜይልሽን በቀን አንዴ፣ ጠዋት እዪው። ከዚያ ዝጊው። የቀረው ቀን የጅማ ነው፣ ወይም አንቺ ያለሽበት ከተማ።

ባለቤቴ ከዚያ ንግግራችን በኋላ ጥሬ ቡና ገዝቶ በምድጃው ላይ ቆላ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። በዚያ ብርድ መስኮት ከፈተ። ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላው ከታች ፎቅ የሚኖር አንድ ኤርትራዊ ሰውዬ በሩን አንኳኩቶ «ይቅርታ፣ ቡና ነው?» አለው። ሁለቱ አንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ዓመት ሲኖሩ ሰላም ተባብለው አያውቁም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይጠጣሉ። እኔም ስመጣ ሦስተኛ ሲኒ እንዳለ ነግሮኛል።

ውጭ የቆያችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ባደርገው ኖሮ የምትሉት ካለ እባካችሁ ጻፉልን፤ ቀን አለን።

ነገ ሐሙስ ነው፣ የገበያ ቀን። ከእማማ ጋር ሄርማታ ወርደን ኮረሪማ እንገዛለን፣ ለበርበሬዬ። ቅዳሜ ደግሞ የቡናው ተራ የእኔ ነው። ቄጠማውን ልጅቷ አመጣለሁ ብላለች።